ዱቄትና ባሮሜትር

መንገድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያሰላው ስንቁን ነው። ሻለቃ ጆን ዌስሊ ፓወልም አስልቷል። እ.ኤ.አ. በ1869 የኮሎራዶን ወንዝ በጀልባ ሊወርድ ሲነሣ ለአሥር ሰው የአሥር ወር ምግብ ጫነ፤ የጎደለው በአደን ይሟላል ተባለ። ሰውዬው ቀኝ እጁን በእርስ በርስ ጦርነት ያጣ የጂኦሎጂ መምህር ነው። እናም ባሮሜትሮቹን አልረሳም።

ሜይ 24 ቀን ዋዮሚንግ ውስጥ ግሪን ሪቨር ከምትባል የባቡር ጣቢያ ተነሡ። አራቱ ጀልባዎች ቺካጎ የተሠሩ ናቸው። ጥሩ ጀልባዎች ነበሩ፤ ለጸጥተኛ ውኃ። ቀዛፊው ጀርባውን ወደሚሄድበት አዙሮ ስለሚቀዝፍ የሚጋጨውን ድንጋይ አያየውም።

ሁለት ሳምንት አልፎ ጥቂት ቀን እንደሄዱ አንዷ ጀልባ ከነስንቋ ተሰባበረች። በማግስቱ ሰዎቹ ስባሪው ድረስ ሄደው ባሮሜትሮቹን አወጡ። ሻለቃው ሳያውቅ የተጫነች አንዲት የውስኪ በርሜልም አብራ ወጣች። (መቼም ይቺን የሚረሳ የለም!) በጁላይ አንዱ ሰው በቃኝ ብሎ ተሰናበተ።

ወንዙ የሩቅ ተራራ በረዶ ቀልጦ የሚወርድበት ይሁን እንጂ ዙሪያው በረሃ ነው። በገደሉ ውስጥ የሚታደን እንስሳ ብርቅ ሆነ። ዱቄቱ ሻገተ፤ የአሳማ ሥጋው ተበላሽቶ ተጣለ። በኦገስት የቀራቸው ጥቂት ዱቄት፣ የደረቀ ፖምና ብዙ ቡና ነበር። እንደኛ ቡና ወዳድ ለሆነ ሕዝብ እንኳ ቡና ብቻውን ስንቅ አይሆንም።

ኦገስት 27 ከባሰው ውኃ ደረሱ። ሌሊት ኦራሜል ሃውላንድ ሻለቃውን "ይብቃን" ብሎ ለመነው። አልሆነም። በማግስቱ እሱ፣ ወንድሙ ሴኔካና ዊልያም ደን ገደሉን ወጥተው ሄዱ። ከቀረችው ምግብ ድርሻችሁን ውሰዱ ቢባሉ እምቢ አሉ። ስድስቱ በሁለት ቀን ውስጥ ከገደሉ በሰላም ወጡ። ሦስቱ ግን ተገደሉ፤ ማን እንደገደላቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በገደሉ አፋፍ ለጉዞው በቆመው መታሰቢያ ላይ የሦስቱ ስም እንዲቀር ተደረገ፤ ከዳተኞች ናቸው ተብሎ። ዱቄቱን ቆጥሮ "አያደርሰንም" ያለ ሰው ምኑን ነው የከዳው? የተሳሳተው የወንዙን ርቀት ነው እንጂ ዱቄቱን አይደለም።

ፓወል በ1871 እንደገና ወረደ። አሁን ግን ምግቡን ሁሉ ጀልባ ላይ አልጫነም፤ መንገድ ላይ በየቦታው በየብስ እንዲጠብቀው አደረገ። በ1875 ያሳተመውን መጽሐፍ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው በጥርጣሬ ቢያነበው አይፈረድበትም። እንደ ዕለት ማስታወሻ የተጻፈ ሆኖ የሁለተኛውን ጉዞ ገጠመኞች ከመጀመሪያው ጋር ይደባልቃል፤ የሁለተኛዎቹን ተጓዦች ስም ግን አያነሣም። ያ ሁለተኛ ጉዞ በሴፕቴምበር 1872 ካናብ ክሪክ ላይ፣ ገደሉ ገና ሳያልቅ፣ ውኃው በዝቶ ተቋረጠ። ሻለቃው ራሱ ከገደሉ ወጥቶ ሄደ። የእሱ ስም ግን በመታሰቢያው ላይ አለ።