ስኳር በሞያሌ ኬላ፣ ብስኩት በገና ሰሞን

በፈረንጆች 2017 ማብቂያ፣ ለእነሱ ገና ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ ስኳር የጫኑ ከ40 በላይ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ሞያሌ ድንበር ላይ ተገትረው ሰነበቱ። ስኳሩ ለኬንያ የተሸጠ ነበር፤ የማሻገሪያው ጉዳይ ግን ቶሎ አላልቅ አለ። በዚያው ወራት አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የራሽን ስኳሩን ፍለጋ ሸማቾች ማኅበር ደጅ ይሰለፍ ነበር። ከኬላው ማዶ ደግሞ፣ በኬንያዋ ሞያሌ፣ የበዓል ዱቄት የሚነፋበት ሰሞን ነበር።

ስለ በዓል ብስኩት የተነሳ ጽሑፍ ከጭነት መኪና መጀመሩ አይግረማችሁ። በዚህች ከተማ ጓዳ የሚገባ ጣፋጭ ሁሉ ኬላ አይቶ የመጣ ነው። በየቤቱ በከሰል የሚጋገረውን፣ ላዩ ነጭ ስኳር የተቀባውን ብስኩት «የፈረንጅ ነገር» ብለው የሚያልፉት ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ስኳሩም፣ ቅመሙም፣ በዓልን በጣፋጭ ሊጥ የማክበሩ ልማድም በረዶ አገር ከመድረሳቸው በፊት በእኛ አቅጣጫ ያለፉ ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ከተማዋ። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ድንበር ስምምነት የተፈረመው በ1907 ዓ.ም. ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። በዚያ ዘመን ፊሊፕ ዛፊሮ የተባለ ግሪካዊ የእንግሊዞች የድንበር ተቆጣጣሪ ሆኖ ሞያሌ ላይ ጣቢያ ተከለ፤ ጣቢያውንም አዲስ አበባ በነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ በሃሪንግተን ስም ፎርት ሃሪንግተን አሉት። ቦረናውን፣ ገብራውን፣ ገሪውን፣ ቡርጂውን በሁለት መንግሥት ሥር ያደረገው መስመር ከዚህ ይጀምራል። በኬንያ በኩል ያለው ሰሜናዊ ድንበር አውራጃ በቅኝ ግዛት ዘመን በሕግ ተዘጋ፤ ያለ ፈቃድ የሚገባም የሚወጣም አልነበረም። በሐምሌ 1940 የጣሊያን ጦር ከተማዋን ያዘ፤ በየካቲት 1941 እንግሊዞች መልሰው ገቡ። ከኬንያ ነፃነት በኋላም የሺፍታ ጦርነት የሚባለው መጣ፤ በአካባቢው የተደነገገው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ 1991 አልተነሳም። እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ዕንቁላልና ማርጋሪን ከናይሮቢ ሳይሰበርና ሳይቀልጥ ሞያሌ መድረሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ለብሶ ያለቀው በ2016 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የጭነት መኪና በታጣቂ ታጅቦ፣ አቧራ እየጠጣ ቀናት ይጓዝ ነበር።

ስኳር ግን ከአስፋልቱም ከድንበሩም በጣም ይቀድማል። ሸንኮራ አገዳ ከኒው ጊኒ ተነስቶ ሕንድ ሲደርስ ጭማቂው ወደ ጠጣር ስኳር ተለወጠ፤ በፋርስ በኩል አልፎ ግብፅ ገባ። በፋጢማውያን ዘመን ካይሮ ውስጥ «ዳር አልፊጥራ» የሚባል ቤት ነበር። ሥራው ለዒድ አልፈጥር የሚታደል ጣፋጭ በዱቄት፣ በስኳር፣ በለውዝና በተምር ማዘጋጀት ነው፤ መንግሥት ራሱ የበዓል ብስኩት ጋጋሪ የሆነበት ዘመን ማለት ይቻላል። ዛሬ የግብፅ እናቶች ለዒድ የሚጋግሩት፣ ላዩ በቅርጽ ማውጫ የተወቀረና ደቃቅ ስኳር የተነሰነሰበት «ከሕክ» የሚባለው ብስኩት የዚያ ልማድ ልጅ ነው። በሶማሌ ቤትም ለዒድ «ቡስኩድ» ይጋገራል፤ ሄል የገባበት፣ በማሽን ወይም በእጅ ቅርጽ የወጣለት። «ሹሹሞ» የሚባለውም አለ፦ ሊጡ በሹካ ጀርባ ተጨቁኖ እንደ ዛጎል ተጠቅልሎ ይጠበሳል፣ ከዚያም የፈላ ስኳር ለብሶ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። በሞያሌ የዒድ ሰሞን ከጎረቤት ጎረቤት በሰሐን ከሚዞረው መካከል እነዚህ አሉ። እንግዲህ በስኳር የተሸለመ የበዓል ብስኩት ፍለጋ ሰሜን ዋልታ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

አውሮፓ ውስጥ ስኳር ለረጅም ዘመን የጌቶችና የመድኃኒት ቀማሚዎች ዕቃ ሆኖ ነው የቆየው። የኑረምበርግ ሌብኩኸን የታወቀው በማር ነው። ማርግራፍ የተባለው የበርሊን ኬሚስት በ1747 ከቀይ ሥር ዘመዶች ስኳር ማውጣት እንደሚቻል አሳየ፤ ከዚያ በኋላ በነበረው ምዕተ ዓመት የስኳር ዋጋ ሲወርድ ብስኩቱ ወደ ድሃው ጓዳ ገባ። አሜሪካኖች የስኳር ብስኩታቸውን የሚያያይዙት ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ናዝሬት በምትባል ከተማ ከሰፈሩ የሞራቪያ ፕሮቴስታንቶች ጋር ነው፤ ዘመኑም 1700ዎቹ ነው ይላሉ። በዛፍ፣ በኮከብና በበረዶ ቅንጣት አምሳል የሚቆርጠው የቆርቆሮ ማውጫ ከጀርመን በብዛት መሸጥ ሲጀምር ደግሞ የገና ብስኩት ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ።

በረዶን ካነሳን አይቀር አንድ ሰው መጥቀስ አለብኝ። ሚሲዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተወለደው ከቱቢንገን አጠገብ፣ ለገና ሽፕሪንገርለ የሚባለው ባለ ምስል ብስኩት በሚጋገርበት በሽቫብያ አገር ነው። ከ1839 እስከ 1842 ሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ተቀመጠ፤ ከወንጌልም ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ። ከሸዋ ሲወጣ ሞምባሳ ገባ። በዲሴምበር 3 ቀን 1849 ከኪቱይ ሆኖ የኬንያ ተራራን በረዶ አየና ጻፈ። ባልደረባው ሬብማን ከዓመት በፊት የኪሊማንጃሮን በረዶ አይቶ ነበር። ለንደን የነበሩ የጂኦግራፊ ሊቃውንት አላመኗቸውም፤ በምድር ወገብ ላይ በረዶ አይታሰብም ብለው ተሳለቁባቸው። ኬንያ ውስጥ ስለ በረዶ የተነገረው እውነት እንዲህ በጥርጣሬ ነው የተጀመረው። ለሞያሌ ሰው ግን ያ ተራራ በናይሮቢ መንገድ ላይ፣ ኢሲዮሎን አለፍ ሲሉ ደመና ካልሸፈነው የሚታይ ነገር ነው።

በእኛ በኩል የበዓል ጣፋጭ ማር ነበር፤ ማሩም አብዛኛውን ጊዜ ጠጅ ሆኖ ነው የሚቀርበው። በገና ማዕድ ላይ ድፎ ዳቦ እንጂ ብስኩት የለም። ለብስኩት የሚቀርበው ዳቦ ቆሎ ነው፣ እሱም የመንገደኛ ስንቅ ሆኖ የኖረ። የፉርኖ ዱቄት ከጣሊያን ጋር መጣ፤ የአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች ልማድም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ስኳር የሁሉ ሰው የሆነው ግን በ1954 የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ወንጂ ላይ ፋብሪካ ሲከፍት ይመስለኛል። ወንጂ ደስታ ከረሜላንም ሰጠን፤ በዚያ ትውልድ ያደገ ሰው ስሟን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። በኬንያ በኩል ዘመኑ ቀደም ይላል። ኡንጋ የዱቄት ፋብሪካ በ1908፣ የሚዋኒ ስኳር ፋብሪካ በ1922 ተቋቋሙ። በ1941 ደግሞ ማዳታሊ ማንጂ የተባለ የሕንድ ዘር ያለው ኬንያዊ የብስኩት ንግዱን ጀመረ፤ በኋላ የጻፈውን የሕይወት ታሪኩንም «የብስኩት ባሮን ትዝታዎች» አለው። የሱቅ ብስኩት ለኬንያ ሰው የሻይ ጓደኛ የሆነው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። እንዲያም ሆኖ በኬንያ የገና ማዕድ ንጉሡ ቻፓቲ ነው። በቤት የሚጋገር ባለ ጌጥ ብስኩት ገና አዲስ ነው፣ ቦታውንም እየያዘ ያለው ቀስ በቀስ ነው።

ሞያሌ ላይ ጉዳዩን ልዩ የሚያደርገው ጾም ነው። ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 ይውላል። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ተይዞ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ ቅቤ፣ ዕንቁላል፣ ወተት የለም። በከተማዋ የኬንያ ወገን የምትኖር ኦርቶዶክስ ጋጋሪ ለፕሮቴስታንትና ለካቶሊክ ደንበኞቿ ቅቤ የበዛበት ሊጥ እየለወሰች ራሷ አትቀምስም። ሙስሊሟ ጎረቤቷ ናት የምትቀምስላት፦ «ስኳሩ በቅቶታል፣ ሄል ጨምሪበት» ትላታለች። ለራሷ ልጆች በዘይት የተለወሰ የጾም ብስኩት ለብቻ ታወጣለች፤ እሱ ደግሞ ከቅቤው ይልቅ ጠንከር ያለና ብዙ ቀን የሚቆይ ነው። ከ13 ቀን በኋላ የራሷ ገና ሲደርስ እጇ ከልምምዱ ብዛት ተፍታቶ ይጠብቃታል። ይህን ያህል የሚዋደድ የበዓል አቆጣጠር ሌላ ቦታ አላውቅም። የኬንያ ትምህርት ቤቶች በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ረጅሙን ዕረፍት ስለሚወጡ ልጆቹ ሁሉ ቤት ናቸው፤ ማውጫ የሚይዝ እጅ አይጠፋም።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ ሩብ ኪሎ ቅቤ ወይም ብሉ ባንድ ማርጋሪን፣ ሁለት መቶ ግራም ያህል ስኳር፣ አንድ ዕንቁላል፣ የተወቀጠ ሄል፣ ቁንጥር ጨው። መጀመሪያ ስኳሩ በሙቀጫ ይደቃል፤ ሻካራው ስኳር በቅቤው ውስጥ ስለማይሟሟ ብስኩቱን ያሻክረዋል። የሞያሌ ታኅሣሥ የቦና ወር ነው፣ ደረቅና ፀሐያማ። ቀን የተለወሰ ሊጥ ከእጅ ላይ ይቀልጣል፣ ቅርጹም እሳት ሲነካው ይፈሳል። ስለዚህ የሚለወሰው ማታ ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነፋስ በሚመታው ቦታ ያድርና ጎህ ሲቀድ በጠርሙስ ይዳመጣል። ውፍረቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙ አያልፍም። መቁረጫው ከኪምቦ፣ ማለትም ከምግብ ቅባት ቆርቆሮ የተጠማዘዘ ሊሆን ይችላል፤ ምድጃ የሚሠራው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ የፈለጉትን ቅርጽ ያወጣል።

ኦቨን በየቤቱ የለም። ሱፉሪያ የሚባለው ትልቅ ድስት ታቹ ላይ አሸዋ ይነሰነስበታል፣ አሸዋው ላይ ብስኩቱ የተደረደረበት ጠፍጣፋ ሰሐን ይቀመጣል፣ ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። ከሥር ያለው የጂኮ፣ ማለትም የከሰል ምድጃው እሳት ለስለስ፣ ከላይ ያለው በርታ ማለት አለበት። ድፎ ዳቦን ከላይም ከታችም በእሳት የምታበስል እናት ይህን ለመማር ቀን አይፈጅባትም፤ ልዩነቱ ድፎው ታጋሽ ነው፣ ብስኩቱ ግን በደቂቃ ውስጥ ከወርቃማ ወደ ጥቁር ያልፋል። ጠርዙ ሲቀላ መሀሉ ለስላሳ ሳለ ይወጣል፤ ቀዝቅዞ ይጠነክራል።

ጌጡ ላይ ሞያሌ በረዶ አገሮችን ትበልጣለች። በደቃቅ ስኳርና በሎሚ ጭማቂ፣ ወይም በተመታ ዕንቁላል ነጭ የሚሠራው ቅብ እርጥበት ባለበት አገር እስኪደርቅ ማደር ይፈልጋል። በቦና አየር ቶሎ ይደርቃል። ጥሬ ዕንቁላል ለሚያሰጋቸው ቤቶች፣ በተለይ ሕፃናት ካሉ፣ እኔ ሎሚውን እመርጣለሁ። ቀለሙን እርድ ቢጫ፣ የቀይ ሥር ጭማቂ ሮዝ፣ ካካዋ ቡናማ አድርጎ ይሰጣል፤ የሱቁን የቀለም ጠብታ መግዛት ግድ አይደለም።

ክርክሬም እዚህ ላይ ነው። የሚሸጡት ማውጫዎች የበረዶ ሰው፣ ጥድና የበረዶ መንሸራተቻ የተጫማ ድብ ናቸው፤ ልጆቹም ያንኑ ነጭ ይቀባሉ። ልጅ ያላየውን ነገር መሳሉ ክፋት የለውም፣ ክራፕፍም ያየውን ነግሮ አልታመነም። ግን በዚህች ከተማ የዲሴምበር ጉጉት በረዶ ሳይሆን ዝናብ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በማርሳቢትና በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቶች ሲያልቁ ያየ ልጅ፣ ብስኩት ላይ ነጭ ጠብታ ሲያንጠባጥብ ምን ማለቱ እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገውም። ግመል፣ የግራር ዛፍ፣ ጀበና፣ የከተማዋ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ለመቁረጥ ከበረዶ ቅንጣት ይቀላሉ። ስድስት ጫፍ ያለውን ቅንጣት ከቀጭን ሊጥ ሳይሰበር ማንሳት ልምድ ላለውም ያስቸግራል። ግመሏም ቢሆን እግሯ ቀጭን ስለሆነ የተንበረከከች ብትሆን ይሻላል።

የሁለቱ አገር መሪዎች የአንድ ማቆሚያ ድንበር ጣቢያውን በሞያሌ የመረቁት በዲሴምበር 9 ቀን 2020 ነበር፤ ለፈረንጆቹ ገና 16 ቀን ሲቀር። የጣቢያው ዓላማ መኪና ሁለት ጊዜ እንዳይፈተሽ ነው፤ ዱቄትና ስኳር በሕጋዊ መንገድ ካለፈ ለጋጋሪዋም ዋጋው ይረጋጋል። በኮንትሮባንድ የሚገባው ስኳር ጥራቱም ዋጋውም በየሳምንቱ ሲለዋወጥ ለደንበኛ ቃል መግባት አይቻልም።

ዒድ አልፈጥር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ በ33 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ከሁለቱ ገና ጋር ይገናኛል። በ2000 የፈረንጆቹ ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ በዲሴምበር 27፣ ዒድ ዋለ፤ የእኛ ገና ደግሞ ከዚያ በኋላ በጃንዋሪ 7። በ2033 ዒድ ሁለት ጊዜ ይውላል፤ አንዱ በጃንዋሪ መግቢያ፣ ሌላው ጨረቃ እንዳሳየችው በዲሴምበር 23 አካባቢ። ከዚያ በሁለት ሳምንት ተኩል ውስጥ ሞያሌ ሦስቱን በዓል ታከብራለች። ቡስኩድም፣ የገና ብስኩትም፣ የጾሙም ከአንድ ጆንያ ዱቄት ይወጣሉ፤ ቅርጹን ከአሁኑ ለቆርቆሮ ቀጥቃጩ መንገር ያዋጣል።