«የልጁ ነጭ ደም ወርዷል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ካንሰር የታመሙ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚመላለሱ ወላጆች «ነጭ ደሙ ወርዷል» የሚለውን ቃል ደጋግመው ይሰማሉ። ትርጉሙንና ማድረግ የሚገባንን በአጭሩ እናቀርባለን።

ነጭ የደም ሕዋሳት የሰውነት ዘበኞች ናቸው። ከእነሱ መካከል ባክቴሪያንና ፈንገስን ቀድመው የሚዋጉት ኒውትሮፊል ይባላሉ። የሚመረቱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ኬሞቴራፒ የካንሰሩን ሕዋስ ሲያጠፋ መቅኔውንም ለጊዜው ያዳክማል። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ኒውትሮፊል ከ500 በታች ሲሆን፣ ቀላል የሚመስል ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ታዲያ ነጭ ደም ከጤነኛ ሰው ወስዶ መስጠት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ነገር ግን እንደ ቀይ ደም ቀላል አይደለም። ለጋሹ አስቀድሞ መድኃኒት ይወስዳል። ከዚያም ደሙ በማሽን ውስጥ ሲያልፍ ነጩ ተለይቶ ይቀራል፤ የቀረው ወደ ለጋሹ ይመለሳል። የተሰበሰበው በጨረር ታክሞ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። በታካሚው ላይ ትኩሳትና የመተንፈስ ችግርም ሊያስከትል ይችላል። በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ፣ 114 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ነጭ ደም መጨመር ከተለመደው ሕክምና ብቻ የተሻለ ውጤት እንዳለው አላረጋገጠም። ስለዚህ ሐኪሞች የሚያስቡበት መድኃኒት እምቢ ላለው ከባድ ኢንፌክሽን ነው።

ሕይወት የሚያተርፈው ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ልጅ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሐኪም ሳያማክሩ ትኩሳት ማስታገሻ መስጠት አደጋውን ይሸፍናል። ከከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች ቴርሞሜትር በቤታችን እናኑር፤ በሌሊት የሚያደርሰንን መኪናና ስልክ ቁጥሩንም አስቀድመን እንያዝ።

የጀመዓው ድርሻስ? እነዚህ ልጆች ቀይ ደምና ፕላትሌት አዘውትረው ይፈልጋሉ። ፕላትሌት የሚቆየው ለ5 ቀናት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በዒድ ሰሞን ብቻ መለገስ አይበቃም። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መለገስ ይችላል። በረመዷን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይቀላል። የመስጂድ ኮሚቴዎች ከደም ባንክ ጋር ተነጋግረው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቋሚ ፕሮግራም ቢያዘጋጁ ትልቅ ሶደቃ ነው።

አላህ ለታመሙ ልጆቻችን ሺፋውን ይስጥልን፤ ለወላጆቻቸውም ሶብሩን። አሚን።