ውጫሌ፦ በሁለት ገጽ መካከል የተለወጠች ቃል

የጃቫ ዌብ አፕሊኬሽን መሥራት የጀመረ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ አለ፦ አንዱ ገጽ ላይ የተሞላ መረጃ ሁለተኛው ገጽ ጋ እንዴት ይድረስ? ኤችቲቲፒ እኮ በራሱ ምንም አያስታውስም። እያንዳንዱ ጥያቄ ለሰርቨሩ አዲስ እንግዳ ነው። እኔ ይህን ሳስብ ትዝ የምትለኝ ከደሴ ወደ ወልድያ ስንሄድ ሐይቅን አልፈን የምናገኛት ውጫሌ ናት።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ ፒየትሮ አንቶኔሊ እዚያ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መጻጻፍ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣሊያንኛው ግን እንዲህ ለማድረግ ተስማምተዋል፤ ጣሊያን ይህን እንደ ግዴታ ቆጠረችው። የሚገርመው አንቀጽ 19 ነው፦ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም አንድ ናቸው፣ እኩል ሥልጣንም አላቸው ይላል። አንድ መሆናቸው ተጻፈ እንጂ አልተመሳከረም።

ልዩነቱ የታወቀው መረጃው ሦስተኛ ወገን ጋ ሲደርስ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንግሣቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ አስታወቁ። እንግሊዝና ጀርመን ግን «በጣሊያን በኩል ይምጣ» የሚል መልስ ሰጡ።

ወደ ኮዱ እንመለስ። ሪኩዌስት ላይ የተቀመጠ መረጃ በፎርዋርድ ከሄድን ቀጣዩ ገጽ ጋ ይደርሳል። ሪዳይሬክት ካደረግን ግን ብሮውዘሩ አዲስ ጥያቄ ስለሚልክ ይጠፋል። በዩአርኤል ወይም በተደበቀ የፎርም መስክ ከላክነው ደግሞ ይደርሳል፤ ግን ቅጂው በተጠቃሚው እጅ ያልፋል፣ መንገድ ላይ ሊለወጥ ይችላል። ሉ ሞንቱሊ ኔትስኬፕ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 ኩኪን ፈጠረ። የጃቫ ሰርቭሌት ሴሽንም በዚሁ ላይ ቆመ፦ ዋናው መረጃ ሰርቨሩ ጋ ይቀመጣል፣ ብሮውዘሩ የሚይዘው መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው። ቅጂ የለም፤ ስለዚህ የትኛው ቅጂ ልክ ነው ብሎ መጨቃጨቅም የለም።

ውጫሌ ላይ ግን ሁለቱም ወገን የየራሱን ቅጂ ይዞ ሄደ፣ የሚያስታርቅ ሦስተኛ መዝገብም አልነበረም። የአንቀጽ 17 ልዩነት የትርጉም ስህተት ነው ወይስ ተንኮል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ። ለእኔ ግን ከዚያ በላይ የሚከብደው አንቀጽ 19 ነው። ያልተረጋገጠን ነገር «ተረጋግጧል» ብሎ መጻፍ ከስህተቱም ከተንኮሉም ይብሳል፤ ሁለቱንም ይሸፍናላቸዋልና።

ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ሰረዙ። ጣሊያን አልተቀበለችም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ካለቀ በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል ውጫሌን ሰርዞ የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት አወቀ።

እኛ ስንሳሳት የሚጠፋው ቢበዛ የአንድ ሰው ፎርም ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ገንዘቡ። ቢሆንም ሕጉ ያው ነው፦ ከሌላ ገጽ የመጣን መረጃ፣ ላኪው «ትክክል ነው» ስላለ ብቻ አትመኑ። ራሳችሁ አመሳክሩት።