ግራጫ በቀቀንን በቤት ማኖር

ግራጫ በቀቀን (በሳይንሳዊ ስሙ ፕሲታኩስ ኤሪታኩስ) በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች የሚኖር፣ ጅራቱ ቀይ የሆነ ወፍ ነው። በኢትዮጵያ በዱር አይገኝም። የሰውን ንግግር አስመስሎ ስለሚናገር በብዙ አገሮች የቤት ወፍ ሆኖ ይሸጣል። በሽቦ ጎጆ ማኖሩ ተገቢ ስለመሆኑ ግን ክርክር አለ፤ ተፈላጊ ያደረገው አእምሮው የእስር ኑሮውንም ያከብድበታልና።

አእምሮውና ኑሮው

በዱር በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ሆኖ በአንድ ስፍራ ያድራል፤ ሲነጋ የዘይት ዘንባባና የሌሎች ዛፎች ፍሬ ፍለጋ ርቆ ይበራል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አይሪን ፔፐርበርግ በ1977 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሱቅ የገዛችውን አሌክስ የተባለ በቀቀን እስከሞተበት እስከ 2007 እ.ኤ.አ. አስተምራለች። አሌክስ 50 ያህል ዕቃዎችን በስም ይጠራ፣ ቀለማትን ይለይ፣ እስከ 6 ይቆጥር፣ ሁለት ዕቃዎች በምን እንደሚለያዩም ይመልስ ነበር።

ላባ መንቀል

ብቻውን ያለ ሥራ የሚውል በቀቀን ብዙ ጊዜ ደረቱ እስኪራቆት ላባውን ይነቅላል። የራሱ ላባ ግን ምንቃሩ ስለማይደርስበት ደህና ይሆናል፤ ወፉ ራሱን እየነቀለ መሆኑ የሚታወቀውም በዚህ ነው። የቆዳ በሽታና የምግብ ጉድለትም ምክንያት ሊሆኑ ስለሚችሉ አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በአማዞን በቀቀኖች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ምግባቸውን ፈልገውና ፈልፍለው እንዲያወጡ የተደረጉት ወፎች ላባ መንቀል ቀንሰዋል። ሳህን ሙሉ የሱፍ ፍሬ ማቅረብ እንክብካቤ ቢመስልም ወፉን ሥራ ፈት ያደርገዋል፤ ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየምም ያጎድልበታል።

ንግዱ

አዳኞች ቅርንጫፍ ላይ ማጣበቂያ ቀብተው ወይም በመረብ ይይዙታል፤ ብዙዎቹ ገበያ ሳይደርሱ ይሞታሉ። በጋና በአንድ ወቅት በብዛት ይታይ የነበረው ይህ ወፍ ዛሬ እጅግ ብርቅ ሆኗል፤ ለዚህም ከአደኑ ሌላ የደን መመንጠር ምክንያት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 እ.ኤ.አ. ከዱር የተያዙ ወፎች እንዳይገቡ ከለከለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በጆሃንስበርግ የተሰበሰቡት የሳይቴስ ስምምነት አባል አገሮች ደግሞ በዱር በቀቀኑ ላይ የሚደረገውን ዓለም አቀፍ ንግድ አገዱ።

ከዚያ ወዲህ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጡት በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው። ይህ የአደኑን ችግር ቢያቃልልም የኑሮውን አይፈታም። ዶሮ ከሰው ጋር ሺህ ዓመታትን የኖረች፣ በመራባት ብዛትም ጠባይዋ የተለወጠ ናት፤ በቀቀኑ ግን በቤት ቢፈለፈልም ጠባዩ የዱር ወፍ ነው። በእጅ ያደገውን ወደ ደን መልቀቅም ለሞት መዳረግ ነው፤ በሽታም ሊያዛምት ይችላል። በቤት 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ በጎልማሳነቱ የገዛው ሰው ከእሱ በኋላ ወፉን ማን እንደሚረከብ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።