«የ13 ወር ፀጋ» እና የስደት ዘመን
ቅርስ፣ ጎብኚና ስደተኛ አገርን እንዴት እንደደገፉ

በውጭ አገር በሚገኙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ ከማይጠፉት ነገሮች አንዱ የቱሪዝም ፖስተር ነው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ፣ የጎንደር ግንብ፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ አለዚያም በአገር ልብስ ያጌጠች ልጃገረድ ይታይበታል፤ ከሥሩ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር በእንግሊዝኛ ወይም በአማርኛ ተጽፏል። ብዙ ሰው ይህን ፖስተር የሚያየው እንደ ናፍቆት ማስታገሻ ነው። የተዘጋጀው ግን ለሌላ ዓላማ ነበር፤ ይኸውም የውጭ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ ዶላሩን እዚያ እንዲያወጣ ነው። ለፈረንጅ የታሰበው ፖስተር የስደተኛ ቤት ጌጥ የሆነው እንዴት ነው? መልሱ አገሪቱ ባለፉት ስድሳ ዓመታት የውጭ ምንዛሪ ስታገኝና ስታጣ የኖረችበት ታሪክ ነው።

ፀሐይን ለገበያ ያቀረበው ድርጅት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያ በረራው ወደ ካይሮ ነበር። በኋላ አዲስ አበባ የኢኮኖሚክ ኮሚሽን ለአፍሪካ መቀመጫ ሆነች፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተባት። ለስብሰባ የሚመጣው እንግዳ እየበዛ ሲሄድ፣ ከስብሰባው በኋላ የት ሄዶ ምን ይይ የሚለው ጥያቄ አብሮ መጣ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። አሜሪካ ተምረው የተመለሱት እኚህ ሰው በ1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅትን አቋቋሙ። መፈክሩንም ያወጡት እርሳቸው ናቸው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር 13 ወር ያለው መሆኑ ለፈረንጅ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር፤ እርሳቸው ግን ያንኑ ልዩነት አገር ማስተዋወቂያ አደረጉት። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአውሮፕላን የሚያገናኘው «ታሪካዊ መሥመር» የጉብኝቱ ዋና ጎዳና ሆነ። አቶ ሀብተ ሥላሴ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ «የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት» ተብለው ተሸኙ።

ሥራው ፍሬ አፍርቶ ነበር። በዓመት ከ20 ሺህ የማይበልጠው የጎብኚ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1973 ከ70 ሺህ በላይ ደረሰ። ቱሪዝም ከቡና የሚለይበት ዋና ነገር አለ። ቡና ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ በመርከብ ተጭኖ ገዢው ዘንድ ይሄዳል። በቱሪዝም ግን ገዢው ራሱ ይመጣል፤ የተሸጠውም ዕቃ እዚያው ይቀራል። ቤተ ጊዮርጊስን ሺህ ሰው ቢያየው ሕንጻው ከቦታው አይነሣም። ገንዘቡም በአንድ እጅ ብቻ አይቀርም፤ ባለ ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ እንቁላል የምትሸጠው ገበሬ ሁሉ ይደርሳቸዋል።

በአንድ ዓመት ሁለት ታሪክ

አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ ይህ ሁሉ ወደ ኋላ ተመለሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ የጎብኚው ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። ሰዓት እላፊ፣ ጦርነትና እስራት ባለበት አገር ለመዝናናት የሚመጣ ሰው አይገኝም።

ነገር ግን በዚሁ ክፉ ዘመን አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ከነሐሴ 30 እስከ ጳጉሜን 3 ቀን 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 1978) በዋሽንግተን ዲሲ ተሰብስቦ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች መዘገበ። ከ12ቱ ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። በዝርዝሩ የአሜሪካው የሎውስቶን፣ የሴኔጋሏ ጎሬ ደሴትና የኤኳዶሩ ጋላፓጎስ አብረው ይገኛሉ። ኢትዮጵያ በ13ኛው ወሯ፣ በጳጉሜን፣ ከዓለም ፊት ቆማ ተመሰከረላት ማለት ነው።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1978፣ በዚያችው በዋሽንግተን ከተማ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ «ማማ ደስታ» የተባለው ምግብ ቤት ተከፈተ። በከተማዋ ከተከፈቱት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ቀዳሚው ሆኖ ይጠቀሳል። የዚያን ጊዜ ወጣቱ ከቀይ ሽብር ለማምለጥ በሱዳንና በጅቡቲ በረሃ በእግሩ ይጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ለብዙዎቹ በር ከፈተ። እንግዲህ ዓለም የኢትዮጵያን ድንጋይ ሲያከብር የኢትዮጵያ ሰው አገሩን ጥሎ ይወጣ ነበር። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለዚያ ዘመን የተነገረ ይመስላል።

ሐዋላና መሶብ

ጎብኚው የቀረበትን ቀዳዳ ስደተኛው ሳያውቀው መሙላት ጀመረ። ለእናት መድኃኒት፣ ለእኅት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለለቅሶ፣ ለተዝካር እየተባለ የሚላከው ገንዘብ ቀስ በቀስ የአገር ምሰሶ ሆነ። የግል ሐዋላ ከቡና ሽያጭ ገቢ የበለጠባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ለውጥ ያመጣል። በጥቁር ገበያ የሚልክ ሰው ዶላሩን ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ ወኪል ይሰጣል፤ ቤተሰቡ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ብር ይቀበላል። ዶላሩ ራሱ ከውጭ አይንቀሳቀስም፤ ነጋዴው ዕቃ ይገዛበታል። ቤተሰብ ተጠቅሟል፤ ነገር ግን በዚያ ዶላር ማዳበሪያ ይገዛ ወይስ የቅንጦት መኪና የሚለውን የሚወስነው ነጋዴው ብቻ ነው። ላኪውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሰጥ ጥቁር ገበያው ከ100 ብር በላይ ይከፍል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ያደረገው አንዱም ለዚህ ነው።

ስደተኛው የላከው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ገበያም ፈጥሯል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡናው፣ በአውሮፕላን የሚጫነው እንጀራ ሁሉ የውጭ ምንዛሪ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው የሐበሻ ልብስ በዳላስና በስቶክሆልም ሠርግ ላይ ይለበሳል፤ ጥለቱን የሚሠራው ሸማኔም በዚያ ልጆቹን ያሳድጋል። የአሜሪካ ጎብኚ ሊሆን የሚችል ሰው ስለ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የሚሰማው ከኤምባሲ ሳይሆን ከመሶብ ዙሪያ ነው። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2002 የፌርፋክስን ሠፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብላ ስትሰይም ያከበረችው ይህንኑ ሥራ ነው።

በሌላ በኩል የሐዋላ ዋጋው ከባድ መሆኑ ሊረሳ አይገባም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ባባረረች ጊዜ፣ በየቤቱ ሲደርስ የነበረው ገንዘብ ተቋረጠ። ከገንዘቡ በስተጀርባ በሰው ቤት የደከሙ እኅቶች እንዳሉ ያኔ ሁሉም አየ።

ወደ ቤቱ የተመለሰ ሐውልት

ቅርስም እንደ ሰው ይሰደዳል። የሙሶሊኒ ጦር እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የወሰደው የአክሱም ሐውልት፣ በ1947 የሰላም ውል እንዲመለስ ቢወሰንም ከ50 ዓመት በላይ እዚያው ቆየ። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ገደማ የሆነው ሐውልት በሦስት ተከፍሎ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. አክሱም ደረሰ፤ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቆሞ ተመረቀ። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. የተዘረፈው ግን አብዛኛው ዛሬም ብሪታንያ ውስጥ ነው። አንድ የብራና መጽሐፍ ለንደን ሲቀመጥ፣ እርሱን ለማየት የሚመጣው ሰው የሆቴልና የታክሲ ሒሳቡን የሚከፍለው ለለንደን ነው።

ሰላም ሲታወክ

የውጭ ዜግነት የያዘው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 «ቢጫ ካርድ» ሲፈቀድለት፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሚሊኒየሙ ሲከበር፣ ስደተኛው ራሱ ጎብኚ ሆነ። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ዘመድ ጠይቆ የሚመለስ ሰው ቱሪስት ነው። የሚያድረው እናቱ ቤት ቢሆንም መኪና ይከራያል፣ ድግስ ይደግሳል፣ ላሊበላ ወርዶ ይሳለማል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ኮሮና፣ ቀጥሎም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የቆየው የሰሜኑ ጦርነት ሁሉንም ዘጋው። ላሊበላ ራሷ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። በኅዳር 2014 ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን «ውጡ» ሲሉ፣ መንግሥት በውጭ ያለውን ሕዝብ ለገና «ኑ» ብሎ ጠራ። ጥሪውን የተቀበለም የተቃወመም ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ያገገመውን መልሶ ጎዳው። በአብዮቱ ጊዜ የታየው ነገር ተደገመ፤ አስጎብኚው ያለ ሥራ ተቀመጠ፣ ልጁም ስደትን ማሰብ ጀመረ።

የታሪኩ ትምህርት ግልጽ ነው። ጎብኚ በአንድ ቀን ወሬ ይቀራል፤ ቤተሰብ ያለው ስደተኛ ግን በክፉ ቀንም አይቀርም። ሆኖም ስደተኛው ሰላምን ሊተካ አይችልም። ኢትዮጵያ እስከ 2016 ዓ.ም. 12 የዓለም ቅርሶች አስመዝግባለች፤ መስቀል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ የገዳ ሥርዓት፣ ጥምቀትና ሹዋሊድም በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብተዋል። ጎድሎባት የኖረው ሀብት ሳይሆን ሀብቱን የሚያስጎበኝ ሰላም ነው።

ስለዚህ በመጪው ክረምት ወደ አገር ቤት የሚጓዝ ወገን ሦስት ነገር ሊያስብ ይገባል። ገንዘቡን በባንክ ይመንዝር። ከአዲስ አበባ ወጥቶ፣ መንገዱ ሰላም ወደሆነበት ቦታ ልጆቹን ይውሰድ፤ የአካባቢውን ሰውም አስጎብኚ አድርጎ ይቅጠር። አሮጌ ብራናና መስቀል «ለመታሰቢያ» ግዛ ቢሉት አይግዛ፤ ሕጉ ይከለክላል፤ ደግሞም አንዴ የወጣ ቅርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የአክሱም ሐውልት አስተምሯል። በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል የሚያየው ልጅ አንድ ቀን ቦታውን በዓይኑ ቢያይ፣ ፖስተሩ የተሠራበት ዓላማ በስተመጨረሻ ተፈጸመ ማለት ነው።