የኋላ ግራ የውድድር ጎማ
ላስቲክ፣ ጨርቅ እና የብረት ቀበቶ፤ ለ13 ኢንች ቸርኬ። ፒሬሊ፣ እ.ኤ.አ. 2013

ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት መርገጫው ያለውን ከፍ ያለ ጎን ልብ ይበሉ፤ የመኪናውን ንዝረት በአብዛኛው የሚውጠው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2013 በእንግሊዝ ሲልቨርስቶን በተካሄደው የፎርሙላ ዋን ውድድር፣ የአሽከርካሪዎቹን የሉዊስ ሃሚልተንንና የፌሊፔ ማሳን መኪኖች ጨምሮ የአራት መኪኖች የኋላ ግራ ጎማ በየተራ ፈነዳ።

የጎማው የውስጥና የውጭ ጎን የተሠሩት የተለያየ ጫና እንዲሸከሙ ነው። ቡድኖች ግን የቀኙን በግራ ገጠሙ፣ ንፋስ ቀነሱ፣ ጎማውንም ከልክ በላይ አዘመሙት። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል፤ በዚያ ላይ በመወዳደሪያው መንገድ ኩርባ ያለውን ጠርዝ በፍጥነት ይመታል። አምራቹ ፒሬሊ እነዚህን አራት ምክንያቶች በአንድነት አስታውቋል።

በቀጣዩ የጀርመን ውድድር የብረት ቀበቶው ኬቭላር በተባለ ሰው ሠራሽ ክር ተተካ፤ ግራና ቀኝ ማቀያየርም ተከለከለ።