በጠርሙስ የበቀለ ምስር

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ በተከራየቻት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ምስር ታበቅላለች። በማር ጠርሙስ ትዘፈዝፈዋለች፣ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍና በላስቲክ ታስረዋለች፣ ጠዋትና ማታ ታጥበዋለች፤ በሦስተኛው ቀን ነጭ ጭራ ያወጣውን ምስር ከሰላጣ ጋር ጥሬውን ትበላዋለች። ከቪዲዮ ነው የተማረችው። ስሙን ስጠይቃት «ስፕራውት» አለችኝ፤ «የፈረንጅ ነው፣ አንቺ አታውቂውም» የሚል ፊት ጨምራበት።

ባለፈው ሁዳዴ አርብ ገበያ አያታችን ዘንድ ስሄድ የጠርሙሱን ፎቶ በስልኬ ይዤ ነበር። (ለማታውቋት፦ አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት፤ ገበያዋ የሚቆምበትን ቀን ስሟ ይነግራችኋል።) አያቴ ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፣ መልሰው አስጠጉት፣ ከዚያ ሳቁ።

«በቆልት አይደለም እንዴ? ምነው ጠርሙስ ውስጥ ዘጋችበት?»

አፈርኩ። የጋዜጠኝነት ዲግሪ ይዤ «በቆልት» የሚለውን ቃል አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም። ቃሉ ግን ራሱ ታሪክ አለው። «በቀለ» ከሚለው ግስ ብቅል ይወጣል፣ በቆልትም ይወጣል፤ አንዱ ለመጠጥ፣ ሌላው ለምግብ። ልጁን በቀለ፣ በቀለች እያለ ስም የሚያወጣ ሕዝብ ይህን ነገር ከቪዲዮ መማሩ ትንሽ ያስቃል።

አያቴ ለብቅል የሚመርጡት ገብስ ነው። ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ተዘፍዝፎ ያድራል። ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ በሰፊ ቅጠል፣ ኮባ ከተገኘ በኮባ፣ ይጠቀለልና ድንጋይ ይጫንበታል። የሚበቅል እህል ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስም ይሞቃል፤ ስለዚህ አያቴ እጃቸውን በቅጠሉ መሐል ሰደድ አድርገው ሙቀቱን ይለካሉ። ቴርሞሜትር አይተው አያውቁም፤ መቼ ገለጥ አድርገው ማናፈስ እንዳለባቸው ግን አይስቱም። በሦስተኛው ቀን ሥሩ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ምንጣፍ ይነሳል። ያን ጊዜ ይፈረፈራል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ደርቆ ይፈጫል። በቆልት ደግሞ ከዚህ ይቀላል፦ ባቄላው ወይም ሽምብራው ተነክሮ ጫፉ ብቅ ሲል ይቀቀላል፣ ወይም ይቆላል፤ ጨው ጣል ይደረግበታል፣ በጾም ቀን ቡና ላይ ይቀርባል።

በፍሬው ውስጥ የሚሆነው ነገር ይህ ነው። እህል ለመብቀል ሲነሳ ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር የሚሰብሩ ኢንዛይሞች ይሠራል። ጠላ የሚፈላው እርሾ ይህን ስኳር ስለሚያገኝ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ይህንኑ ለሕፃናት ምግብ አዋሉት፤ «ኪሜያ» የሚባለው የብቅል ዱቄት ትንሽ ሲጨመርበት ድፍን ያለ ገንፎ ውኃ ሳይበዛበት ይቀጥናል፣ ሕፃኑም በአንድ ጽዋ ብዙ ምግብ ይወስዳል። የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ዘመቻና ስለ ግብር አዳራሽ ብዙ ጽፈዋል። ጠላውን የጠመቀችው፣ ብቅሉን በእጇ የለካችው ሴት ግን እምብዛም አትነሳም።

አሁን ወደ ባሕር ልውሰዳችሁ። በዚያ ዘመን መርከበኛ ወራት በባሕር ላይ ሲቆይ ድዱ ይደማ፣ ጥርሱ ይነቃነቅ፣ የቆየ ቁስሉ ያመረቅዝ ነበር፤ ስከርቪ ነው፣ የቫይታሚን ሲ እጥረት። እንግሊዛዊው ካፒቴን ጄምስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1768 ሲነሳ ለዚሁ በሽታ ብሎ ብቅል ጭኖ ነበር፤ በኋላም ብቅሉን አብዝቶ አመሰገነው። ተሳስቷል። ደርቆ የተቀመጠና በፈላ ውኃ የተዘፈዘፈ ብቅል ቫይታሚን ሲ የለውም ማለት ይቻላል። ኩክ የሚያስፈልገው እርጥቡ በቆልት ነበር፤ ሁለቱን ለይታ የምትነግረው የጋይንት ሴት አብራው አልተሳፈረችም እንጂ!

ልዩነቱ በቤተ ሙከራ እስኪታይ 150 ዓመት ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1919 ሃሪየት ቺክና ማሪዮን ዴልፍ የተባሉ ሁለት ሴት ሳይንቲስቶች ለንደን ውስጥ ደረቅ ጥራጥሬንና የበቀለ ጥራጥሬን አነጻጸሩ። ደረቁ ከስከርቪ አያድንም፤ ተነክሮ ጥቂት ቀን ሲበቅል ግን ያድናል። ከእነሱ አንድ ዓመት ቀድሞም አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም በስከርቪ የታመሙ የሰርቢያ ወታደሮችን በበቆልት አክሞ ውጤቱን በላንሴት መጽሔት አሳትሟል።

እዚህ ላይ መሳቄን አቆምኩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ ተሰደው በሶማሊያና በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ሰዎች ደጋግመው በስከርቪ ታመዋል፤ ጥናቱ በ1989 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ወጥቷል። የሚታደላቸው በዋነኝነት ደረቅ እህል ነበር። ከቺክ ግኝት 60 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። በመካከላቸው በቆልት የሚያውቁ እናቶች እንደነበሩ አልጠራጠርም። ማብቀል ውኃ ይፈልጋል፣ መቀቀል ማገዶ ይፈልጋል፣ መጠለያ ደግሞ ሁለቱም የሚናፈቁበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ በእናቶቹ አልፈርድም። የምፈርደው እውቀትን በሚታደል ከረጢት ብቻ በሚለካ አሠራር ላይ ነው።

ወደ ጠርሙሱ ልመለስ፤ የአክስቴ ልጅ ጥሬውን ነው የምትበላው ብያችኋለሁ። ዘርን የሚያበቅለው ሙቀትና እርጥበት ባክቴሪያንም ያበቅላል። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 በኢኮላይ ባክቴሪያ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች ታመው ከ50 በላይ ሞተዋል። ምርመራው ያደረሰው ጥሬ በሚበላ በቆልት ላይ፣ በተለይም ከግብፅ በገባ የአብሽ ዘር ላይ ነበር። አዎ፣ እኛው የምናውቀው አብሽ! መቀቀሉ ከቫይታሚኑ የተወሰነውን ይቀንሳል፤ ሆስፒታል ከመተኛት ግን ይሻላል።

ዘሩንም መለየት ያስፈልጋል። ለእርሻ የሚሸጥ ዘር ፀረ ተባይ የተቀባ ሊሆን ስለሚችል አይበላም። ማሽላ ሲበቅል ቡቃያው ላይ ሳያናይድ የሚወጣው መርዝ ይፈጠራል። ጓያንማ አታስቡት። ከጋይንት በስተምሥራቅ፣ በደላንታና ዳውንት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በችግር ጊዜ ጓያ አብዝተው የበሉ ብዙ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል። ያ መርዝ በለጋው ቡቃያ ላይ እንዲያውም ይበረታል። ለአያቴ ይህን ሳነብላቸው «ጓያን ማን በቆልት ያደርጋል?» ብለው እንደ ጅል አዩኝ።

ልመለስ ስል ባቄላ በፌስታል ቋጠሩልኝ።

«ለእሷም አካፍያት። ጠርሙሱን ተዪው አላልኩም፤ ድስት ግን ጣጂ በያት።»